ስለቱ ሰምሮ ደስታው ለምን ቀረ?

የሳቢያን ነዋሪ (የውይይቱ ክር ጀማሪ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የማቀርበው ጥያቄ ለአንዳንዶቻችሁ የምስጋና ማነስ ሊመስል ስለሚችል ነገሩን አስቀድሜ በዝርዝር ላስረዳ።

በድሬዳዋ በዕቃ አስተላላፊነት፣ ትራንዚት በምንለው ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከአንዱ የኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንዘዋወር ስላደግሁ፣ የራሴ ጣሪያ ካገኘሁ ሌላ የምፈልገው ነገር እንደማይኖር ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። ለቁልቢ ገብርኤልም ይህንኑ ተሳልሁ። የተሳልሁት ሰመረ፤ ሳቢያን ውስጥ ቤት ሠርቼ ገባሁ። በዚህ ዓመት ታኅሣሥ 19 ቀን ጃንጥላና ጧፍ ይዤ ስለቴን ላስገባ ወጣሁ። ከፊት ለፊቴ አንዲት ሴት ድንጋይ በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ትወጣ ነበር። ነጠላዋ በላብ ከአንገቷ ጋር ተጣብቋል፤ ከንፈሯ ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል፤ ፊቷ ላይ ግን የምትለምን ሰው ጭንቀት አልነበረም። እኔ የተሰጠኝን ይዤ፣ እርስዋ ገና ያልተሰጣትን ተሸክማ ጎን ለጎን ስንሄድ፣ ከሁለታችን ደስ ያላት እርስዋ እንደ ነበረች በግልጽ ታየኝ።

ወደ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ይህ ሐሳብ አልተወኝም። ቤቱ መልካም ነው፤ ሥራዬም ደኅና ነው፤ ጤናዬም ጥሩ ነው። ማታ በሩን ዘግቼ ስቀመጥ ግን ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅሁትን ያህል ደስ አይለኝም። የማላመሰግን ሆኜ ነውን? ወይስ ክርስትና እውነተኛ ደስታ የሚለው እኔ ስፈልገው ከነበረው ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው? ከየትኛውም ቤተ እምነት ብትሆኑ፣ በቅዱሳት መጻሕፍትና በኑሮአችሁ ያገኛችሁትን ብታካፍሉኝ እወዳለሁ።

ዲያቆን ዘለገሃር

ወንድማችን፣ ጥያቄህ የምስጋና ማነስ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አንድ ሙሉ መጽሐፍ የተጻፈው በዚሁ ጉዳይ ነው። የመጽሐፈ መክብብን 2ኛ ምዕራፍ ቀስ ብለህ አንብበው። ንጉሡ ቤቶችን ሠራ፣ ወይን ተከለ፣ አትክልትና የፍሬ ዛፍ አበጀ፣ ዛፎቹን የሚያጠጣበት የውኃ ማጠራቀሚያ አዘጋጀ፣ ብርና ወርቅ ሰበሰበ፤ ዓይኑ ከፈለገችው ነገር የከለከላት አልነበረም። ብዙ ሰባክያን ከዚህ ተነሥተው በቀጥታ «ሁሉ ከንቱ ነው» ወደሚለው ያልፋሉ። በመካከሉ ግን ሳይስተዋል የሚታለፍ ቃል አለ፤ በቁጥር 10 ላይ ልቡ በድካሙ ሁሉ ደስ ይለው እንደ ነበረ ይናገራል። ከንቱነቱ የታየው በቁጥር 11፣ እጁ የሠራችውን ሁሉ ዞሮ በተመለከተ ጊዜ ነው። ደስታው በድካሙ ውስጥ ነበረ፤ ድካሙ ሲያልቅ ግን ከእርሱ ጋር አለቀ።

አንተም መሠረቱ ሲቆፈር፣ ብሎኬቱ ሲደረደር፣ ቆርቆሮው ሲመታ ደስ ሳይልህ አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። ቤቱ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም ዝም ያለህ። መጽሐፉ ራሱ በቁጥር 24 ላይ መብላትና መጠጣት፣ በድካምም መካከል ደስ መሰኘት ከእግዚአብሔር እጅ የሚሰጥ እንደ ሆነ ይመሰክራል። ችግሩ የሚመጣው ስጦታውን ስንቀበል ሰጪው ከዓይናችን የተሰወረ እንደ ሆነ ነው።

የገንደ ቆሬ እኅት

ዲያቆን የጠቀስኸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠያቂውን በመጽሐፈ መክብብ ላይ ብቻ ትተነው ብንሄድ በቀኑ እኩሌታ ላይ እንደ ተውነው ይቆጠራል። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ስለ ስለት ያለኝ አስተያየት ከእናንተ የተለየ ቢሆንም እርሱን ለጊዜው ልተወው።

ስለ ደስታ ሲነሣ ሁላችንም የምንጠቅሰው የፊልጵስዩስን መልእክት ነው፤ «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» የሚለው ጥቅስ በየግድግዳችን ተሰቅሏል። መልእክቱ ከእስር ቤት የተጻፈ መሆኑንም ብዙዎቻችን እናውቃለን። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የተላከው ወደየትኛው ከተማ እንደ ሆነ ነው። ፊልጵስዩስ ጳውሎስና ሲላስ ልብሳቸው ተገፍፎ በበትር የተመቱባት፣ እግራቸው በግንድ የተጠረቀባት ከተማ ናት። መልእክቱ በጉባኤ ሲነበብ ያንን ሌሊት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ተቀምጠው ያደምጡ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል፤ ምናልባትም የወኅኒ ጠባቂው ራሱ ከነቤተ ሰቡ። በሐዋርያት ሥራ 16 እንደ ተጻፈው ይህ ሰው በመጀመሪያ ራሱን ሊገድል ሰይፍ መዝዞ ነበር። በዚያው ሌሊት የእስረኞቹን ቁስል አጠበ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ተጠመቀ፣ ወደ ቤቱ አስገብቶ ማዕድ አቀረበላቸው፤ ደስታው የተጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጳውሎስ በዚያው መልእክት «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና» ይላል። እንግዲህ በትምህርት የሚመጣ ነገር ነው። አንዳንድ ጊዜ በጸሎት ቤታችን ደስታ ከጌታ ጋር በተገናኙበት ቅጽበት በአንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚሰጥ እንደ ሆነ አድርገን እንሰብካለን፤ ያልተሞላላቸው ሰዎችም እምነታቸውን መጠራጠር ይጀምራሉ። ሐዋርያው ግን ረኃብንም ጥጋብንም አይቶ የተማረው መሆኑን አልደበቀም።

የአወዳይ መንገደኛ

ከሐረር ነው የምጽፈው። ጥያቄዬ ለጨዋ መድረክ የማይመጥን መስሎ ከታያችሁ አወያዩ ሊያነሣው ይችላል።

እኔ ለብዙ ጊዜ ጫት ስቅም የኖርሁ ሰው ነኝ። በእኛ አካባቢ ይህ እንደ ልዩ ነገር የሚቆጠር ስላልሆነ ማንም አይነቅፈኝም ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በርጫው ይጀመራል፤ ምርቃናው ሲመጣ ሰው ሁሉ ወንድም ይሆናል፣ ዕዳ ሁሉ የሚከፈል ይመስላል፣ ከመካከላችን ፋብሪካ ያልከፈተ አልነበረም። ወደ 12 ሰዓት ሲቃረብ ጨዋታው እየቀነሰ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ሰው የገዛ እግሩን ጣት እያየ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ አንዱ ለጨብሲ ወደ መጠጥ ቤት ይሄዳል፣ ሌላው እንቅልፍ በሌለበት አልጋ ላይ ይጋደማል። ያ ደስታ ከነገ የተወሰደ ብድር ስለ ነበረ ነገ ሲመጣ ከነወለዱ ያስከፍለኝ ነበር።

አሁን ትቼዋለሁ፤ መንፈሳዊ ጉባኤም እሄዳለሁ። መዝሙሩ ሲደምቅ፣ ጭብጨባውና እልልታው ሲበረታ፣ ልቤ ይሞላል፣ እንባዬ ይመጣል፣ ለሁሉ ይቅርታ ማድረግ የምችል ይመስለኛል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን ያው የቀድሞ ሰው ሆኜ አገኘዋለሁ ራሴን። እንግዲህ እውነቱን ንገሩኝ፤ በጉባኤ የሚሰማኝ ደስታ ከምርቃና በምን ይለያል? የምጠይቀው ለማሾፍ አይደለም። ሁለቱንም በሰውነቴ ስለማውቃቸው መመሳሰላቸው ያስፈራኛል።

መምህርት ከሐረር

በዚህ ክር እስካሁን ከተነሡት ሁሉ የከበደው ይህ ስለ ሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ጌታችን ራሱ ሥር የሌለው ደስታ መኖሩን አስተምሯል። በማቴዎስ 13 በጭንጫ ላይ የወደቀው ዘር ቃሉን ሰምቶ ወዲያው በደስታ የሚቀበለውን ሰው ያመለክታል፤ ነገር ግን ለጊዜው ነው እንጂ በእርሱ ሥር ስለሌለው መከራ ሲመጣ ይሰናከላል። ልብ በል፤ ያ ሰው አስመሳይ ነበር አልተባለም። ደስታው የእውነት ደስታ ነበር፤ የጎደለው ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ በጉባኤው የሚሰማህን «ስሜት ብቻ ነው» ብሎ መናቅ አይገባም፤ በእርሱ ላይ ደግሞ ቤት መሥራት አይቻልም።

ሁለተኛው የሉቃስ 10 ታሪክ ነው። ሰባዎቹ ደቀ መዛሙርት ተልከው ሲመለሱ፣ አጋንንት እንኳ በስሙ እንደ ተገዙላቸው በደስታ ተናገሩ። ይህ መንፈሳዊ ደስታ አይደለምን? በአገልግሎት የተገኘ፣ በተአምር የታጀበ ደስታ ነው። ጌታ ግን በዚህ ደስ አይበላችሁ፤ ስማችሁ በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ ይበላችሁ አላቸው። ደስታቸውን አልነጠቃቸውም፤ የቆመበትን መሬት ቀየረላቸው። ተአምሩ ነገ ላይኖር ይችላል፤ እንደምናውቀው ደቀ መዛሙርቱ አንድ ልጅ መፈወስ አቅቷቸው ያፈሩበት ጊዜም ነበረ። የተጻፈው ስም ግን በሥራው መሳካትና አለመሳካት አይፋቅም።

እንግዲህ ልዩነቱን የምትመረምረው በጉባኤው ሰዓት ሊሆን አይችልም፤ በዚያ ሰዓት ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ፍርሃትህ ትክክለኛ ነው። የምትመረምረው ባልኸው ማክሰኞ ነው። ምርቃና ፋብሪካ ያስከፍትሃል፤ ባዶ ኪስህንና የተቀየምኸውን ወንድምህን ግን አያሳይህም። ማክሰኞ ዕለት የቀድሞው ሰው መሆንህን ማየትህና ማዘንህ ራሱ በበርጫ ቤት ያልነበረህ ነገር ነው።

ባቡር ሠፈር

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ከነገሩ ሳትወጡ በመጻፋችሁ ደስ ብሎኛል። እኔ በጡረታ ያለሁ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነኝ። ከተማችን ድሬዳዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ስለ ሆነች፣ እኛ የባቡር ሰዎች ለራሳችን የምንሰጠው ግምት ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፤ ፈረንሳይኛችንም እንዲሁ። አሮጌው ባቡር ሥራ ሲያቆም ብዙ ጓደኞቼ በገንዘብ ማጣት ከተጎዱት ይልቅ የሚፈልጋቸው ሰው በማጣት ተጎዱ። ይህን የምለው ደስታ ከሥራ ጋር አልቆ ይቀራል ያለው ዲያቆን ልክ መሆኑን ለመመስከር ነው።

የምጨምረው ግን ሌላ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጠዋት በአሸዋው ላይ የቤት ዕቃ፣ የልጆች ጫማ፣ የተጣመመ ቆርቆሮ ተደባልቆ ተኝቶ ነበር፤ አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ይቆፍራል፤ የሚቆፈርለት የማን ዘመድ እንደ ሆነ፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን የጠየቀ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ልጇን ያጣች ጎረቤታችን ዘንድ የማስተዛዘኛ ቃል ይዘው የመጡ ብዙ ነበሩ፤ «በዚህም ደስ ይበልሽ፣ እግዚአብሔር የወደደውን ነው የሚወስደው» ያሏትም ነበሩ። ሴትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አንድ ሽማግሌ ካህን ግን መጥተው፣ መስቀላቸውን አሳልመው፣ በድንኳኑ ጥግ ተቀመጡ፤ እስከ ማታ የተናገሩት ነገር ትዝ አይለኝም። ኋላ ላይ የልጇን ስም ጠርታ ያወጋችው ለእርሳቸው ነው።

የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በምድር ላይ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አድርገው ነበር፤ የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው። «ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ» ያለው ሐዋርያ ራሱ በሮሜ መልእክቱ «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» ብሏል። የክርስቲያን ደስታ ለቅሶ የሚያስከለክል ዓይነት ከሆነ እኔ በበኩሌ አላውቀውም።

በነርስነት የማገለግል

አባታችን ከጻፉት ጋር የተያያዘ አጭር ማሳሰቢያ አለኝ። የደስታ ማጣት ሁሉ የመንፈሳዊ ሕይወት ጉድለት ተደርጎ መታየት የለበትም። አንድ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ካዘነ ወይም ቀድሞ ይወደው በነበረው ነገር ሁሉ ደስ መሰኘት ካቆመ፣ በተለይም እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተዛባ፣ ወይም የመሞት ሐሳብ ከመጣበት፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጠበል እየተጠመቁ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት መውሰድ እምነትን አያጎድልም፤ መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳት ሲያመጣ አይቻለሁ።

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ካወረደ በኋላ ሸሽቶ በዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቅርቦ «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ ደግሞ ተኛ፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ሰውነቱ ከበረታና ረጅሙን መንገድ ከሄደ በኋላ ነው።

ጎረቤት ከመጋላ

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ይህን መድረክ የማነበው አብሮ አደጎቼ ስላሉበት ነው። በሃይማኖታችሁ ጉዳይ ገብቼ አላስተምርም። ለሳቢያኑ ወንድሜ አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ። አዲስ ቤት መግባትህን ነግረኸናል፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ቤቱ ከገባህ በኋላ ጎረቤት ጠርተሃል ወይ? አቦ፣ እኛ ድሬዎች እኮ ወንበር ደጅ አውጥተን ካላመሸን የመሸ የማይመስለን ሰዎች ነን። አንተ የጻፍኸው በር ስለ መዝጋት ነው።

የሳቢያን ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጎረቤቴ መልሱ «አልጠራሁም» ነው። አጥሩ ከፍ ያለ ነው፤ ቀኝና ግራ ያሉትን ሰዎች የማውቃቸው በመኪናቸው ድምፅ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰው መጥራት፣ አብሮ መብላት፣ ሥራ አለመፍታት፣ ሲያስፈልግ ሐኪም ማየት፤ ይህን ሁሉ እምነት የሌለው ሰው እንኳ ሊመክረኝ ይችላል። የጠየቅሁት ግን ክርስትና እውነተኛ ደስታ ስለሚለው ነበር። ለመሆኑ በዚህ ሁሉ ውስጥ ክርስቶስ የት ላይ ነው? ሌላው ደግሞ፣ ስለቴ ተሰምቶ ሳለ ከተሰማልኝ በኋላ መቀዝቀዜን እግዚአብሔር እንዴት ያየዋል?

የገንደ ቆሬ እኅት

የመጀመሪያውን ልሞክር። በዮሐንስ ወንጌል «ደስታዬም በእናንተ እንዲሆን ደስታችሁም እንዲፈጸም ይህን ነግሬአችኋለሁ» የሚል ቃል አለ። የተነገረበትን ሰዓት እንመልከት፤ ይሁዳ ከማዕዱ ተነሥቶ ወጥቷል፣ ሌሊት ሆኗል፣ በማግሥቱ መስቀል አለ። በዚያ ሰዓት «ደስታዬ» የሚል ሰው ደስታውን ከሁኔታው እንዳላገኘው ግልጽ ነው። ከሁለት ቁጥር በፊት ምንጩን ተናግሯል፤ አብ እንደ ወደደኝ እኔም ወደድኋችሁ፤ በፍቅሬ ኑሩ። ደስታው የተወደደ ልጅ ደስታ ነው፤ የሚሰጠንም ያንኑ ነው።

ሌሎች መካሪዎች ደስታን እንዴት እንደምናበጅ ይነግሩናል፤ ጥሩም ነው። ወንጌል የሚነግረን ግን እኛ ያላበጀነው፣ አስቀድሞ በሌላ ሰው ልብ ውስጥ የነበረ ደስታ ወደ እኛ መምጣቱን ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ «ደስታችሁንም የሚወስድባችሁ የለም» ማለቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ቤት ይወሰዳል፣ ጤና ይወሰዳል፤ አባታችን እንደ ጻፉት ደቻቱ በአንድ ሌሊት ብዙ ነገር ይወስዳል።

ስለ ስለቱ ግን፣ ሳልሸሽግ ብናገር፣ ከእግዚአብሔር ጋር እንደ ውል የምንገባው ነገር...

አወያይ

እኅታችን ይቅርታ፤ ስለት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር በሌላ ክር ማንሣት ይቻላል። እዚህ ጠያቂው በጠየቀው ላይ እንቆይ።

መምህርት ከሐረር

የጀመረችውን ልጨርስላት፤ የምንለያይ አይመስለኝም።

በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ስለ ስለት ከተጻፉት ሁሉ የሐና ታሪክ ይበልጣል። ልጅ አጥታ ስታለቅስ፣ እህል እምቢ ስትል የኖረች ሴት በሴሎ በእግዚአብሔር ቤት ቆማ ተሳለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም፤ ካህኑ ዔሊም ሰካራም መሰለችው። ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስሁ አለችው፤ እርሱም በሰላም ሂጂ ብሎ አሰናበታት። ቀጥሎ የተጻፈውን ተመልከት፤ ሄደች፣ በላችም፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ ያዘነ አልነበረም። ይህ ሲሆን ልጁ የለም። ገና አልፀነሰችም፣ ወደ አገሯም አልተመለሰችም። ደስታዋ ከስለቱ መስመር ቀድሞ መጣ፤ ያገኘችው ነገር የሚሰማት አምላክ መኖሩን ነበርና።

ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ልጁ ተወለደ፤ ጡት ሲተው ይዛው ወጣች፤ ለካህኑም ሰጥታው ልትመለስ ነው። እናት የሆናችሁ ይህን ሰዓት አስቡት። «ልቤ በእግዚአብሔር ጸና» ብላ የምትጀምረው ታላቁ መዝሙር የተዘመረው ልጁ በተወለደበት ቀን ሳይሆን በዚህ ቀን ነው። የለመነችውን በእጇ በያዘች ጊዜ አልዘመረችም፤ ከእጇ ባወጣች ጊዜ ዘመረች።

ወንድሜ፣ በቁልቢ ዳገት ያየሃት ሴት በምን እንደ ተጨነቀች አላውቅም፤ አንተ የገለጽኸው ፊት ግን ከሴሎ የወጣችውን ሐናን ያስመስላታል። አንተም ቤት ከማግኘትህ በፊት በተሳልህባቸው ዓመታት እንደዚያ የጸለይህባቸው ቀኖች ይኖራሉ። ስለቱ ሲሰምር ንግግሩ ተቋረጠ፤ ጃንጥላውን አስረክበህ ሒሳቡ የተዘጋ መሰለህ። የሉቃስ 15 ታላቅ ወንድምም እንዲሁ ነው፤ የአባቱ ሁሉ ነገር የእርሱ ሆኖ ሳለ «ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ» እያለ የፍየል ጠቦት ሒሳብ ይዞ ደጅ ቆመ። የሙዚቃው ድምፅ እስከ ደጁ ይሰማዋል። እግዚአብሔር መቀዝቀዝህን እንዴት ያየዋል ላልኸው፣ በዚያ ምሳሌ አባትየው ግብዣውን ትቶ የወጣው ይህንኑ የቀዘቀዘውን ልጅ ለመለመን ነው።

ዲያቆን ዘለገሃር

በዚህ ላይ የምጨምረው በተግባር የሚያዝ ነገር ነው። በቅዳሴያችን መጀመሪያ ካህኑ «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» (ለእኛ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግን) ብሎ ምስጋናን ያስቀድማል፤ ምልጃው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ምስጋናው ደግሞ ምን እንደ ተደረገልን ሲዘረዝር ሸፈነን፣ ረዳን፣ ጠበቀን፣ እስከዚህች ሰዓት አደረሰን ይላል እንጂ ቤትና ሥራ ሰጠን አይልም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ከመንበሩ ተባርሮ፣ ታሞ፣ በስደት መንገድ ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ407 ሲያርፍ «ስለ ሁሉ ነገር እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቱን የምናስታውሰው በዚህ ልማድ ስለ ኖረበት ነው። ማታ በሩን ስትዘጋ ልመና ሳትጨምር በምስጋና ጸሎት ብቻ ጀምር፤ ከንስሐ አባትህም ጋር ተነጋገር።

ጎረቤትህ ያነሣውንም ከክርስትና ውጭ አድርገህ አትየው። በነህምያ ምዕራፍ 8 ሕዝቡ ሕጉ ሲነበብ አለቀሰ፤ «የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነውና አትዘኑ» የተባለው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ቁጥር ግን ከዚህ ቃል አስቀድሞ ምንም ላልተዘጋጀላቸው ድርሻ ላኩ የሚል ትእዛዝ አለ። ሰው ሁሉ ሁለተኛውን ግማሽ በመኪናው መስታወት ላይ ይለጥፋል።

የሳቢያን ነዋሪ

የሐናን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ፊቷ የተለወጠው ከመፅነሷ በፊት መሆኑን ግን አላስተዋልሁትም ነበር። ዛሬ ሁለቱን ምዕራፎች ደግሜ አነበብኋቸው፤ ማታም ለማንበብ አስቤአለሁ።

ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በኋላ ጎረቤቶቼን ልጠራ ነው። ጾመ ነቢያት ስለ ሆነ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ብቻ ነው የሚኖረው።

ጎረቤት ከመጋላ

ይህማ ከሁሉ ይሻላል። ሥጋ ቢኖር ኖሮ የእናንተ ዕርድ፣ የእኛ ዕርድ እያልን ሁለት ማዕድ ማዘጋጀት ነበረብህ። ኢንሻ አላህ እመጣለሁ፤ እናቴም ሙሽበክ የምንለውን ጣፋጭ ትልካለች።

የአወዳይ መንገደኛ

መምህርት የመለሱልኝ ውስጤ ገብቷል። የቀረኝ ግን ቀላል የሚመስል፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ነው። ጠዋት እጸልያለሁ፤ ማታም እጸልያለሁ። ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያለው፣ ድሮ በርጫ የነበረበት ሰዓት ግን ባዶውን አፍጥጦ ያየኛል። ጓደኞቼ ሁሉ በዚያ ሰዓት አንድ ቦታ ናቸው። መጽሐፍ ይዤ ብቀመጥም ዓይኔ መስመር ይዘላል። በዚያ ሰዓት ምን ላድርግ?

ባቡር ሠፈር

ልጄ፣ በዚያ ሰዓት መጽሐፍ አይጠቅምህም፤ እጅህ ሥራ ይፈልጋል። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር። እኔ በግቢዬ ጥግ ትንሽ የብየዳ ቦታ አለችኝ፤ የሠፈሩን በርና መስኮት፣ አንዳንዴም የሰበካውን ወንበር እጠግንበታለሁ፤ ዓይኔ ስለ ደከመ ረዳት እፈልጋለሁ። ሁለት ሌሎች ልጆችም አሉ፤ አንደኛው እንዳንተ የተወ ነው፣ ሁለተኛው ገና እየታገለ ነው። ከሐረር በሚኒባስ ከምሳ በኋላ ተነሥተህ ትደርሳለህ፤ ዘመድ ካለህ ደግሞ ሰንበት እስኪደርስ እዚሁ ድሬ ማደር ትችላለህ። ከእሑድና ጽዋ ከምንጠጣበት ወር በገባ በ19 በስተቀር ሁልጊዜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነኝ። አድራሻውን በአወያዩ በኩል እልክልሃለሁ። መነጽርና ጓንት እኔ ጋ አለ፤ ሽፍን ጫማ ግን አድርገህ ና፣ በነጠላ ጫማ ብየዳ አላስነካህም።